የጨዋታ መሣሪያ ዋጋና የመዘግየት ሕግ

በከተሞቻችን የፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ አልፎ የማያውቅ ተማሪ አለ ለማለት ያስቸግራል። ጥቂት ብር ተከፍሎ የእግር ኳስ ግጥሚያ የሚካሄድባት ያቺ ጥቁር ሣጥን ከመዝናኛነቷ ባሻገር ለፊዚክስ ተማሪ የሚጠቅም ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ገበያ በ299 ዶላር የቀረበችው ፕሌይስቴሽን 2 በ2009 ዋጋዋ ወደ 99 ዶላር ወርዶ ነበር። በ2020 በ499 ዶላር የወጣችው ፕሌይስቴሽን 5 ግን በአምስተኛ ዓመቷ፣ በኦገስት 2025፣ በዚያው በአሜሪካ 549 ዶላር ሆነች። ሁለቱንም የሠራቸው ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። የመጀመሪያዋ ስታረጅ ረከሰች፤ የኋለኛዋ ስታረጅ ተወደደች።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እናነሣለን። አንደኛው የእነዚህ መሣሪያዎች ዋጋ ቀድሞ ለምን ይወርድ እንደ ነበርና በኋላ ለምን እንደ ተገታ ነው። ሁለተኛው ይህ ኢንዱስትሪ በየጊዜው እያበበ ለምን እንደሚወድቅ ነው። ጥያቄዎቹ የኢኮኖሚክስ ክፍል ጉዳዮች ይመስላሉ፤ መልሶቻቸው ግን ስለ ውዝዋዜና ስለ ጠጣር አካላት ፊዚክስ በየክፍሉ ከምናስተምረው ብዙም አይርቁም። ከሁለተኛው እንጀምራለን፤ በታሪክ የቀደመው እርሱ ነውና። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሐሰት ትእዛዝና እውነተኛ ኪሳራ

አታሪ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1972 በኖላን ቡሽኔልና በቴድ ዳብኒ ተመሠረተ። በ1976 ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ በ28 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በተከታዩ ዓመት ኩባንያው ኋላ አታሪ 2600 የተባለውን መሣሪያ በ199 ዶላር ለገበያ አቀረበ፤ ይህ ገንዘብ በ2025 የመግዛት አቅም ሲሰላ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። መሣሪያው የነበረው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ 128 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ይህን አንቀጽ እንኳ ለመያዝ አይበቃም። ጨዋታዎቹ በካርትሪጅ ይሸጡ ነበር። በ1980 ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለው ጨዋታ ለዚህ መሣሪያ ሲወጣ ሽያጩ እንደ ሰደድ እሳት ተቀጣጠለ።

የችግሩ ዘር የተዘራው በዚሁ የደስታ ዘመን ነው። በ1981 መገባደጃ አታሪ አከፋፋዮቹ የ1982ን ትእዛዝ በሙሉ ባንድ ጊዜ እንዲያስገቡ ጠየቀ። አከፋፋዮቹ ከዚያ ቀደም ካዘዙት ከፊሉ ብቻ ይደርሳቸው ስለ ነበር፣ አሥር የሚያስፈልገው ሃያ ቢያዝ አያስደንቅም። ፋብሪካው ይህን የተጋነነ ቁጥር እውነተኛ ፍላጎት አድርጎ ቆጠረው። ሌሎችም ያንኑ ምልክት አዩ። ከአታሪ በወጡ ባለሙያዎች በ1979 የተቋቋመው አክቲቪዥን ትርፍ ሲያጋብስ ያዩ ብዙ ኩባንያዎች፣ አንዳንዶቹም ከዘርፉ ጋር ዝምድና ያልነበራቸው፣ ካርትሪጅ ወደ ማምረት ገቡ።

በ1982 አታሪ ፓክማን የተባለውን ጨዋታ ከ10 ሚሊዮን በላይ በሆነ ብዛት አመረተ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ካርትሪጅም ሳይሸጥ ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢ.ቲ. በተባለው ፊልም ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ወጣ። ፕሮግራሙን ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ በአምስት ሳምንት ገደማ ጽፎ እንዲጨርስ የተደረገ ሲሆን፣ ይህም በሚሊዮኖች ተመርቶ አብዛኛው ወደ መጋዘን ተመለሰ። ዲሴምበር 7 ቀን 1982 ዋርነር የሚጠብቀው ትርፍ ቀድሞ ከገመተው እጅግ ያነሰ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ በማግሥቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ወደቀ። በ1983 አታሪ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በሴፕቴምበር ወር የተረፉት ካርትሪጆች በጭነት መኪና ተጓጉዘው በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ተቀበሩ፤ በ2014 ተቆፍረው ሲወጡም ብዙዎቹ ከነማሸጊያቸው ነበሩ። በ35 ዶላር ይሸጡ የነበሩ ጨዋታዎች በ5 ዶላር በየመደብሩ ቅርጫት ተጣሉ። የአሜሪካ ገበያ በ1983 ከነበረው 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ እንደ ወረደ ይገመታል።

በተለምዶ የሚነገረው ታሪክ ጥፋቱን በኢ.ቲ. ጨዋታ ላይ ይደፈድፋል። ይህ አገላለጽ ለወሬ ይመቻል እንጂ ሚዛን አይደፋም። በአንድ ደካማ ጨዋታ ምክንያት ቢሊዮኖች የሚንቀሳቀሱበት ገበያ አይፈርስም። ጨዋታው ባይሠራ ኖሮም መጋዘኖቹ ሞልተው ነበር፤ የሞሉትም ከወራት በፊት በተላለፈ ውሳኔ ነው።

የሙቅ ውኃ ቧንቧ

ማሞቂያው ከቧንቧው ርቆ በተተከለበት መታጠቢያ ቤት አንድ ሰው ሙቅ ውኃ ከፈተ እንበል። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ ይከፍታል። አሁንም ቀዝቃዛ ነው፤ ይጨምራል። ጥቂት ቆይቶ ያ ሁሉ ሙቅ ውኃ ባንድ ጊዜ ሲደርስ ያቃጥለዋል፤ ደንግጦ ይዘጋዋል። እንደ ገና ይቀዘቅዛል። ሰውየው በየቅጽበቱ የሚወስደው እርምጃ ትክክል ነው፤ ሲቀዘቅዝ መክፈት፣ ሲሞቅ መዝጋት። የሚያውከው እርምጃው ወደ አካሉ የሚመለስበት መዘግየት ነው።

ይህን በቁጥር እንግለጸው። የእርማቱ ጥንካሬ በአንድ ወር ውስጥ ከስሕተቱ ምን ያህሉን ለማቃናት እንደምንሞክር ይንገረን። ይህን በወር በተለካው መዘግየት ስናባዛው አሃድ የሌለው አንድ ቁጥር እናገኛለን። የሥርዓቱ ዕጣ በዚህ ቁጥር ይወሰናል። ቁጥሩ ከ0.37 ካነሰ ሥርዓቱ ሳይወዛወዝ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል። በ0.37 እና በ1.57 መካከል ከሆነ እየተወዛወዘ፣ ውዝዋዜውም እየረገበ ይረጋጋል። ከ1.57 ካለፈ ግን እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ይበልጣል። የመጀመሪያው ቁጥር አንድ ለኦይለር ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ሁለተኛው የፓይ ግማሽ ነው። ማስረጃውን ሊሠራ የሚሻ ተማሪ የስሕተቱ የለውጥ ፍጥነት ቀደም ሲል ከነበረው ስሕተት ጋር በአሉታዊ ተመጣጣኝ ነው ብሎ ይነሣ፤ የቀረው የካልኩለስ ሥራ ነው።

ለምሳሌ በየወሩ የስሕተቱን ግማሽ የሚያርም አምራች እንውሰድ። መዘግየቱ አንድ ወር ከሆነ ብዜቱ 0.5 ነው፤ ትንሽ ተወዛውዞ ይረጋጋል። ያው አምራች፣ ያው ጥንካሬ ሆኖ መዘግየቱ ስድስት ወር ቢሆን ግን ብዜቱ 3 ይሆናል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ርቀቱ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አርተር ሃናው የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በ1928 የአሳማ ዋጋ ለምን በየጥቂት ዓመቱ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ሲመረምር፣ ገበሬው የዛሬውን ዋጋ አይቶ የሚያረባው እንስሳ ለገበያ የሚደርሰው ዘግይቶ መሆኑን አሳይቷል። ጄይ ፎረስተር ደግሞ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ስለ ፋብሪካና ስለ መጋዘን አብራርቶታል።

አሁን ወደ አታሪ እንመለስ። የካርትሪጁ ፕሮግራም በቺፑ ላይ የሚታተመው በፋብሪካ ነበር፤ ከታተመ በኋላ ሊሰረዝ ወይም ለሌላ ጨዋታ ሊውል አይችልም። ትእዛዙም ከወራት በፊት መሰጠት ነበረበት። ስለዚህ መዘግየቱ ረጅም ነበር። የእርማቱ ጥንካሬም እንዲሁ አደገ፤ ምክንያቱም አንዱን የዋጋ ምልክት አይተው በአንድ ጊዜ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ምርት የሚጨምሩ ኩባንያዎች በዝተው ነበር። የሁሉም ምላሽ ይደመራል። የአከፋፋዮቹ የተጋነነ ትእዛዝ ሲታከልበት ብዜቱ ድንበሩን ማለፉ አይቀሬ ነበር።

ውዝዋዜን የሚያረግብ

ከዚህ ውድቀት በኋላ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1985 በኒው ዮርክ ከተማ የሙከራ ሽያጭ ጀመረ። በመሣሪያውና በካርትሪጁ ውስጥ እርስ በርስ የሚናበቡ ሁለት ቺፖችን አስቀመጠ፤ ኒንቴንዶ ያልፈቀደው ካርትሪጅ አይነበብም። ፈቃድ ያገኘ ድርጅት በዓመት ከአምስት ጨዋታ በላይ ማውጣት አይችልም፤ ካርትሪጁንም የሚያመርተው ራሱ ኒንቴንዶ ነው። መደብሮች ከጠየቁት ያነሰ መላክም የኩባንያው ልማድ ሆነ። በእኛ ቋንቋ ይህ ሁሉ የእርማቱን ጥንካሬ መቀነስ ነው።

ማርገቢያው ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ኒንቴንዶ መደብሮች መሣሪያውን ከ99.95 ዶላር በታች እንዳይሸጡ ይጫናል ተብሎ በመንግሥት ተከሶ፣ በ1991 ለገዢዎች የ5 ዶላር ኩፖን ለመስጠት ተስማምቷል። ገበያው ረጋ፤ የረጋውም በአንድ ኩባንያ እጅ ውስጥ ሆኖ ነው።

ሶኒ በ1994 በጃፓን፣ በ1995 በአሜሪካ የመጀመሪያዋን ፕሌይስቴሽን ሲያወጣ የወሰደው መንገድ የተለየ ነበር፤ እኛም ይበልጥ ብልህ ሆኖ እናገኘዋለን። ጨዋታዎቹን በካርትሪጅ ፋንታ በሲዲ አደረጋቸው። ሲዲ ርካሽ ከመሆኑ በላይ በቀናት ውስጥ ይታተማል። ስለዚህ አሳታሚው በጥቂት ጀምሮ ሽያጩን አይቶ መጨመር ይችላል። ይህ ጥንካሬውን ሳይነካ መዘግየቱን መቁረጥ ነው።

በዚህ ዘመን የጸናው የዋጋ አሠራር በአጭሩ ይህ ነው፤ መሣሪያው በወጪው ወይም ከወጪው በታች ይሸጣል፣ ትርፉ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ከሚቆረጥ የፈቃድ ክፍያ ይሰበሰባል። በ1993 በ699 ዶላር የወጣው ሥሪዲኦ የተባለ መሣሪያ ያልሰመረለት አንዱ ምክንያት የፈቃዱ ገቢ ለሌላ ኩባንያ ስለሚገባ ሣጥኑን የሚያመርቱት ድርጅቶች ከሣጥኑ ከራሱ ማትረፍ ስለ ነበረባቸው ነው። ሶኒ በተቃራኒው በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን በ599 ዶላር ሲሸጥ፣ አይሰፕላይ የተባለ የጥናት ድርጅት የአንዱን መሥሪያ ወጪ 840 ዶላር ገደማ አድርጎ ገምቶት ነበር። በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ እንዲህ ለመክሰር የደፈረው ወጪው እንደሚወርድ ተማምኖ ነው። ያ እምነት ከየት መጣ?

ሲሊኮን ሲያንስ

ቺፖች የሚሠሩት ዌፈር በሚባል ክብ የሲሊኮን ገበታ ላይ ነው። የተለመደው ዌፈር ዲያሜትር 300 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስፋቱ 70,700 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ ይሆናል። አንድን ዌፈር ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪ ብዙ ቺፕ ቢወጣበትም ጥቂት ቢወጣበትም ያው ነው። ስለዚህ ቺፑ ባነሰ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል።

የፕሌይስቴሽን 3 ዋና ፕሮሰሰር ሴል ይባላል። በ90 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ሲጀመር ስፋቱ 235 ሚሊ ሜትር ካሬ ያህል ነበር። ወደ 65 ናኖሜትር ሲሸጋገር 174፣ ወደ 45 ሲሸጋገር 115 ሆነ። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ 65ን ለ90 አካፍሎ በራሱ ቢያባዛ ስፋቱ በግማሽ ሊያንስ ይገባ እንደ ነበር ያያል። ልዩነቱ የመጣው ቺፑን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኙት ክፍሎች እንደ ሌላው ስለማያንሱ ነው።

የጠርዙን ብክነት ትተን ስናሰላ ከአንድ ዌፈር መጀመሪያ 300 ቺፕ፣ በመጨረሻ 614 ቺፕ ይወጣል። ነገር ግን ሁሉም ጤነኛ አይደለም። በዌፈሩ ላይ እዚህም እዚያም ጉድለት ይኖራል፤ ጉድለት ያረፈበት ቺፕ ይጣላል። ጉድለቶቹ እንደ ዝናብ ጠብታ በዘፈቀደ ቢያርፉና ለምሳሌ በአማካይ በሁለት ሴንቲ ሜትር ካሬ አንድ ጉድለት ቢኖር፣ ከጉድለት የሚያመልጠው ድርሻ ስፋቱ ሲጨምር በኤክስፖኔንሻል ይቀንሳል፤ ለትልቁ ቺፕ 31 በመቶ፣ ለትንሹ 56 በመቶ። እንግዲህ ጤነኞቹ ከ93 ወደ 346 ገደማ ያድጋሉ። ስፋቱ በግማሽ ሲያንስ ምርቱ ወደ አራት እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ሶኒ ይህን አሳምሮ ያውቅ ስለ ነበር፣ በሴል ላይ ካሉት ስምንት ረዳት ክፍሎች ሰባቱን ብቻ ለመጠቀም ወሰነ፤ አንዱ ቢበላሽ ቺፑ አይጣልም። በ2009 የመሣሪያው ዋጋ 299 ዶላር ደረሰ።

ፕሌይስቴሽን 2ም በዚሁ መንገድ ነው የረከሰችው። መጀመሪያ ለየብቻ የነበሩት ፕሮሰሰሯና የሥዕል ቺፗ በ90 ናኖሜትር ዘመን አንድ ቺፕ ሆኑ። የዋጋዋን አወራረድ እንደ ራዲዮአክቲቭ መበስበስ ብናየው ግማሽ ዕድሜው አምስት ዓመት ከጥቂት ወራት ይሆናል። ከ160 ሚሊዮን በላይ የተሸጠችውም፣ በእኛም ከተሞች ያን ያህል ልትዛመት የቻለችውም ያለዚህ መርከስ አይታሰብም።

የጎደለው ቁልቁለት

ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ እንዲያንስ፣ ሙቀቱም በዚያው መጠን እንዲገታ የሚያደርገውን ሕግ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 ጽፈዋል። በ2005 አካባቢ ይህ ሕግ መሥራቱን አቆመ፤ ትራንዚስተሩ እጅግ ሲቀጥን በዝግ ሰዓትም ቢሆን ኤሌክትሪክ ያሾልካልና። ከዚያ ወዲህ ማሳነሱ ቢቀጥልም እየከበደና እየተወደደ ሄዷል። ናኖሜትር እየተባለ የሚጠራው ቁጥር ራሱ ዛሬ የንግድ ስም እንጂ በቺፑ ላይ ተለክቶ የሚገኝ ርዝመት አይደለም። በታይዋን የሚገኘው ቲኤስኤምሲ ከ5 ወደ 3 ናኖሜትር በተሸጋገረበት ጊዜ፣ ከሁለቱ የ3 ናኖሜትር ዓይነቶች በአንደኛው የማኅደረ ትውስታ ሕዋሱ ስፋት ከነበረበት ፈቅ አላለም።

የፕሌይስቴሽን 5 ቺፕ በ2020 ሲጀመር 308 ሚሊ ሜትር ካሬ ያህል ነበር፤ በ2022 ወደ 6 ናኖሜትር ሲሸጋገር 260 ገደማ ሆነ። በዚያው በቀደመው የጉድለት ግምት ስናሰላ ጤነኛ ቺፖቹ ከ49 ወደ 74 ያድጋሉ፤ አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ። የሴል ዕድገት 3.7 እጥፍ እንደ ነበር እናስታውስ።

በ2025 ለታየው ጭማሪ ፊዚክስን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የአሜሪካ ቀረጥ፣ የምንዛሪ ለውጥና የዋጋ ግሽበትም ድርሻ አላቸው። የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም በ2020 ከነበረበት 499 ዶላር በሜይ 2025 ወደ 599፣ በኦክቶበር ወደ 649 ከፍ ብሏል። ግሽበቱን ብንቀንስ የፕሌይስቴሽን 5 እውነተኛ ዋጋ በአምስት ዓመት በአንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል ማለት ይቻላል። ይሁንና ፕሌይስቴሽን 2 በአራት ዓመት ሳይሞላት እውነተኛ ዋጋዋ ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር። ቀረጥ ቀድሞም ሊጣል፣ ምንዛሪ ቀድሞም ሊናጋ ይችል ነበር፤ ያኔ ግን ሁሉን የሚውጥ ቁልቁለት ነበረ።

ይህ ወደ መዘግየቱ ሕግ ይመልሰናል። ኢ.ቲ. በአምስት ሳምንት ተጻፈ፤ ችግሩ የነበረው በፋብሪካውና በመጋዘኑ መዘግየት ነው። ዛሬ ጨዋታ በኢንተርኔት ስለሚሸጥ የመጋዘኑ መዘግየት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። በምትኩ የመሥሪያው ጊዜ ረዝሟል። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከቀረቡ ሰነዶች እንደ ታወቀው፣ ሆራይዘን ፎርቢድን ዌስት የተባለውን ጨዋታ ለመሥራት አምስት ዓመትና 212 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት የጨዋታ ሽያጭ አሻቀበ፤ ኩባንያዎች ያን ምልክት አይተው ቀጠሩ፣ ገዙ፣ አዳዲስ ሥራ ጀመሩ። ሰዉ ከቤቱ ሲወጣ የተጀመረው ሥራ ገና አጋማሹ ላይ አልደረሰም ነበር። በጃንዋሪ 2024 ማይክሮሶፍት ከጨዋታ ክፍሉ 1,900 ሠራተኞችን፣ በፌብሩዋሪ ሶኒ 900 ያህሉን እንደሚያሰናብቱ አስታወቁ። በ1983 የተቀበረው ካርትሪጅ ነበር፤ በዚህኛው ዙር መጋዘን ስለሌለ ትርፍ ሆነው የተገኙት ሰዎች ናቸው።

በመዘግየት የሚመራ ሥርዓት ድንበሩ ላይ ሲደርስ የውዝዋዜው ዑደት የመዘግየቱ አራት እጥፍ መሆኑን ማሳየት አይከብድም። ከላይ በተጠቀሰው መነሻ ላይ ሳይን የተባለውን ፈንክሽን ተክቶ ይህን ማግኘቱን ለአንባቢ እንተወዋለን። ውጤቱን ያገኘ ሰው መዘግየቱን አምስት ዓመት አድርጎ ቢያሰላ ሃያ ዓመት ያገኛል፤ ይህ አኃዝ ከአንድ የጨዋታ መሣሪያ ትውልድ ዕድሜ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው።